«ሄፓታይተስ ሲ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ?

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘላትና ለምርመራ ደም ሰጠች። ከውጤቶቹ መሃል አንዱ «አንቲ ኤችሲቪ ሪአክቲቭ» ይላል፣ የሄፓታይተስ ሲ የመጀመሪያ ምርመራ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን የሰጣት ሰው «ጉበትሽ ውስጥ ቫይረስ አለ» አላትና ወደ ቀጣዩ ተራ ዞረ። ሌላ ምንም አልተነገራትም። ቤት ገብታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የምትጠጣበትን ሰማያዊ ጣሳ ለይታ ፍሪጅ ላይ አስቀመጠች፣ የልጅ ልጆቿን መሳምም አቆመች። እኛ የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ፣ ትንሿ ልጅ «እማማ ለምን አትስመኝም?» ብላ ስታለቅስ ነው።

ሁለተኛውን ምርመራ ስናሠራላት በደሟ ውስጥ ቫይረስ አልተገኘም።

ይሄን የምጽፈው እንደ አክስቴ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ የሚዞር ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ሰው ይዤ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ የዞርኩ፣ ያልገባኝን ሁሉ ስጠይቅና ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው ወረቀት የሚለው ምንድነው?

ያቺ ጣት ተወግቶ ወይም ትንሽ ደም ተቀድቶ በ20 ደቂቃ ውስጥ መስመር የምታሳየው ፕላስቲክ የምትፈልገው ቫይረሱን አይደለም። የምትፈልገው አንቲቦዲ ነው፣ ማለትም ሰውነታችን ቫይረሱን ሲያገኝ የሚሠራውን መከላከያ። ክረምት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ካለፈ በኋላ ግድግዳ ላይ የጭቃ መስመር ይቀር የለ? መስመሩ ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር ይላችኋል። ውሃው አሁንም እዚያ መኖሩን ግን ከመስመሩ አታውቁም። አንቲቦዲም እንደዚያ ነው። ቫይረሱ በራሱ ቢጠፋም፣ በመድኃኒት ቢጠፋም መስመሩ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል።

በራሱ ይጠፋል ወይ ካላችሁ፣ አዎ። በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ 100 ሰዎች ውስጥ 30 ያህሉ ያለምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ያጠፉታል። የቀሩት 70 ያህሉ ላይ ሥር የሰደደ ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ከ100 ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ተሞልቶ ሲሮሲስ ወደሚባለው ደረጃ ይደርሳሉ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው ምንም አይሰማውም። ዓይኑ ቢጫ አይሆንም፣ ሆዱ አያብጥም፣ ሥራውን እየሠራ ጎኑን ሳያመው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። ልክ እንደዚያው «አለቀልኝ» ብላችሁም አትቀመጡ።

ሁለተኛውን ምርመራ ጠይቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄንን ያዙ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «የሄፓታይተስ ሲ የቫይረስ መጠን ምርመራ ይታዘዝልኝ» በሉ። ኤችሲቪ አርኤንኤ፣ ፒሲአር ወይም ቫይራል ሎድ ሲሉትም ትሰማላችሁ፣ ሁሉም አንድ ነው። ቫይረሱ ራሱ ደም ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን የሚመልሰው ይሄ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚመረመርበት ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽንም ለዚህ የሚሆን የራሱ ካርትሬጅ አለው። ማሽኑ አለ ማለት ግን ካርትሬጁ አለ ማለት አይደለም።

ታክሲ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ ወይም ሰው ልካችሁ አስጠይቁ። ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጁገል አሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምርመራው ዛሬ ይሠራል ወይ፣ ናሙናው የሚላክ ከሆነ ውጤቱ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንት ይከፈላል። እኛ ይሄን ሳንጠይቅ ሄደን አንድ ቦታ ሦስት ቀን ተመላልሰናል። በሦስተኛው ቀን ነው «እዚህ አይሠራም» የተባልነው። አክስቴ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ውጤቱ «አልተገኘም» ከሆነ ቫይረሱ የለባችሁም። ግን ወረቀቱን ፎቶ አንሡና አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ወደፊት አንቲቦዲው በተመረመረ ቁጥር ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል ከእንደገና ልትደነግጡ ነው። ቁጥር ከወጣ ደግሞ ቁጥሩ ትልቅ ነው ብላችሁ አትሸበሩ። የቫይረሱ ብዛት ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። ይሄ እኔንም በጣም ያስገረመኝ ነገር ነው።

በዚያው ደም ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪም ይታዩ። የሲ መድኃኒት ሲጀመር ተደብቆ የነበረ ሄፓታይተስ ቢ ሊነሳ ስለሚችል፣ ቢ ሳይታይ መድኃኒት አይጀመርም።

ጉበቱ ምን ያህል ተጎድቷል?

ቀድሞ ይሄን ለማወቅ በመርፌ ከጉበት ቁራጭ ሥጋ ይወሰድ ነበር። አሁን ለብዙው ሰው ከተራ የደም ምርመራ የሚሰላ ቀላል ሒሳብ አለ፣ አፕሪ ይባላል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እንደኛ አቅም ላላቸው ቦታዎች ይመክረዋል። ሒሳቡን ራሳችሁ በስልካችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ከወረቀታችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ኤኤስቲ ነው፣ አንዳንድ ላብራቶሪ ኤስጂኦቲ ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው ፕላትሌት ነው፣ ሲቢሲ በሚባለው የደም ቆጠራ ላይ አለ። ኤኤስቲውን ከጎኑ ለተጻፈው የጤነኛ ሰው ከፍተኛ ቁጥር አካፍሉት፣ በ100 አባዙት፣ ከዚያ ለፕላትሌቱ አካፍሉት። እንበል ኤኤስቲ 72፣ የጤነኛው ጣሪያ 40፣ ፕላትሌት ደግሞ 150 ሺህ ነው። 72 ለ40 ሲካፈል 1.8። በ100 ሲባዛ 180። ለ150 ሲካፈል 1.2። ፕላትሌቱ በሺህ ነው የሚገባው፣ 150,000 ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ከ1 በታች ከሆነ ሲሮሲስ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ2 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ሳይኖር አይቀርም ተብሎ ይያዛል። እንደ ምሳሌያችን መሃል ላይ የወደቀ ሰው ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል፦ አልትራሳውንድ፣ ከተገኘም ፋይብሮስካን የሚባለው የጉበትን ጥጥርነት የሚለካ መሣሪያ።

እዚህ ላይ የኛ ከተማ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ወባና ደንጊ ፕላትሌትን ያወርዳሉ፣ ኤኤስቲንም ከፍ ያደርጋሉ። ድሬ ደግሞ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የነበረውን የደንጊ ወረርሽኝ የሚረሳው የለም። ትኩሳት ላይ ሆናችሁ ወይም ገና እንደዳናችሁ በተሠራ ደም ይሄን ሒሳብ ብታሰሉ የሌለ ሲሮሲስ ታገኛላችሁ። እስክታገግሙ ጠብቁና በአዲስ ደም አሠሩት።

መድኃኒቱ

«የጉበት ቫይረስ መድኃኒት የለውም» የሚል ሰው አሁንም ሞልቷል። ሰዎቹ ዋሹ አልልም። ያወሩት የድሮውን ነው። ቫይረሱ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዚያ በፊት «ኤ ያልሆነ ቢ ያልሆነ» ነበር የሚባለው፣ ስም እንኳ አልነበረውም። ለረጅም ጊዜ የነበረው ሕክምና የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር። እስከ 48 ሳምንት ይወጋል፣ ትኩሳትና ድብርት ያመጣል፣ ከዚያ ሁሉ ስቃይ በኋላ ብዙው ሰው አይድንም። ነገሩን የቀየረው በአፍ የሚዋጠው ሶፎስቡቪር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ቫይረሱን ያገኙትና ሄፓታይተስ ሲን እሱ ብቻውን እንደሚያመጣ ያረጋገጡት ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ዛሬ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር ይሰጣል። ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ሲ ክትባት የለውም፣ ግን ይድናል። ቢ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ክትባት አለው፣ መድኃኒቱ ግን ይቆጣጠረዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም።

ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በደወሌ በኩል ጅቡቲ ይመላለሳል። እሱ ላይ ቫይረሱ በሁለተኛውም ምርመራ ተገኘ። 12 ሳምንት፣ 84 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ መዋጥ ነበረበት። እንዲህ አደረገ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንዲውጥ ሰዓቱን ወሰነ። ገቢና ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የኪስ ካላንደር ሰክቶ፣ በዋጠ ቁጥር ቀኑን በእስክሪብቶ ይሰርዛል። 84 መስመር። መድኃኒቱን ግን መኪና ውስጥ አይተወውም። አብዛኛው ብልቃጥ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፣ የቆመ መኪና ውስጥ በኛ ሙቀት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ቤትም ከሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለውን ጥግ ምረጡ። ረመዳን ላይ የገባበት ሰው በሱሁር ወይም በኢፍጣር ሰዓት ሊውጠው ይችላል፣ ዋናው ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ብትችሉ ፓኮዎቹን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የሲን መድኃኒት ከደም ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም እንደዚያው። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር የልብ ምትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊቀንስ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት እንኳ ከአንዳንዶቹ ጋር ይጋጫል፣ «እሱ ተራ ነው» ብላችሁ አትዝለሉት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም ቀድማችሁ ተናገሩ።

የመጨረሻዋን ምርመራ አትዝለሏት

ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ይጠፋል። ደህና ነኝ ይላል፣ ምርመራው ገንዘብ ነው፣ ማን ይመለሳል። ግን መዳናችሁ የሚታወቀው መድኃኒቱ ካለቀ 12 ሳምንት በኋላ የቫይረስ ምርመራው ተደግሞ «አልተገኘም» ሲል ነው።

ይሄ ለኛ ለምን ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ዓይነቶች በቁጥር ይለያሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ያለው 4ኛው ዓይነት ነው። እሱም ንዑስ ዓይነቶች አሉት፣ አንዱ 4አር ይባላል፣ እኛም ሀገር ተገኝቷል። ሩዋንዳ ውስጥ ሶፎስቡቪርን ከሌዲፓስቪር ጋር ለ300 ሰው ሰጥተው ባጠኑ ጊዜ በአጠቃላይ 87 በመቶው ሲድን፣ 4አር ካለባቸው 48 ሰዎች ግን የዳኑት 27 ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ይህ መድኃኒት የተሞከረው በአብዛኛው 4አር በማይገኝባቸው አገሮች ነው። በእኛ አካባቢ ያለው ቫይረስ ራሱ ላይ ሲሞከር ነው ልዩነቱ የታየው። በመጀመሪያው ያልዳነ ሰው ሌላ የመድኃኒት ጥምር አለው፣ ግን አለመዳኑን ማወቅ አለበት። ስለዚህ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የምትመጣዋን የ12 ሳምንቷን ቀን ገና ስትጀምሩ ቁጠሩና ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

ሲሮሲስ ላይ ደርሶ የነበረ ሰው ደግሞ ቫይረሱ ቢጠፋም በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታያል፣ የጉበት ካንሰር ሊመጣ ስለሚችል። ሕመምተኛው ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱ ውሃ ከቋጠረ ወይም ቀንና ሌሊት እየተምታታበት መቃዠት ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጫቱስ?

ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2015 እስከ ሚያዝያ 2016 ሐረር ባሉ ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንድ ጥናት ተሠርቷል። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሰዎች ወሰዱ፣ ለማነጻጸር ደግሞ ዓይንና ከአንገት በላይ (ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ሊታከሙ የመጡ 300 ሰዎች። ሁሉንም ስለ ጫት ጠየቋቸው። ጫት የሚቅሙት የጉበት ሕመምተኞች መሃል በዝተው ተገኙ። ወንዶቹ ላይ ደግሞ በዕድሜያቸው ብዙ የቃሙት የበለጠ አደጋ ላይ ነበሩ፣ አልኮሉ ተለይቶ ከተሰላም በኋላ። ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ ለሆኑት የጉበታቸው በሽታ ቢም አልነበረም፣ ሲም አልነበረም፣ የታወቀ ምክንያት አልተገኘለትም።

እንዲህ ዓይነቱን ጥናት ስታነቡ የሚለውን ብቻ ውሰዱ። ጫት የቃመ ሁሉ ጉበቱ ይታመማል አይልም፣ የእናንተን ጉበት ማን እንደጎዳው ሊነግራችሁም አይችልም። ግን በዚሁ በሐረር፣ እዚሁ በምናውቃቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ እኔ ከባድ ነገር አድርጌ ነው የምወስደው። ጉበቱ ላይ ጠባሳ የተገኘበት ሰው በርጫውን ቢያቆም ይሻለዋል። ጨብሲውን ደግሞ በጭራሽ። ጠጥቶ ምርቃና መስበር ጉበት ላይ ሁለት ሸክም መጫን ነው። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ በቀን ምን ያህል እንደምትቅሙ አሳንሳችሁ አትናገሩ፣ ሊከሳችሁ አይደለም የሚጠይቀው።

ቡና በተቃራኒው ደህና ስም አለው። ብዙ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ አግኝተዋል። ሆዱ ውሃ የሚቋጥር ሰው ግን ጨው መቀነስ ስላለበት፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣ ከሆነ ጨውን ይተወው። ለ«የወፍ በሽታ» ተብሎ የሚቀመመውን ሥር ደግሞ ተውት። ትግራይ ታህታይ ቆራሮ ውስጥ አንድ መንደር ሕዝብ ጉበቱ ሲታመም ቆይቶ ሲመረመር አንዱ ምክንያት ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ሆኖ ነው የተገኘው። ተክል ስለሆነ ብቻ ጉበት አይምረውም።

ቤት ውስጥ

ሲ የሚተላለፈው በደም ነው። አብሮ መብላት፣ መሳም፣ በአንድ ጣሳ መጠጣት፣ ማቀፍ አያስተላልፈውም። ጡት ማጥባትም ጡቱ ቆስሎ ካልደማ በስተቀር ችግር የለውም። መለየት ያለባቸው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫና መርፌ ናቸው። ፀጉር ቤት አዲስ ምላጭ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ መብጣት፣ ንቅሳት፣ ፈቃድ የሌለው ጥርስ ነቃይ፣ ሁሉም መሣሪያቸው ከሰው ወደ ሰው የሚዞር ከሆነ መንገድ ናቸው። አክስቴ በልጅነቷ እንጥሏን የቆረጧት ገጠር ነው፣ ጥርሷንም ሁለት ጊዜ ሰፈር ውስጥ አስነቅላለች። ከየት እንደያዛት አይታወቅም፣ እኛም ማንንም መውቀስ ትተናል።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ልጆች፣ በተለይ እናት ከሆነች፣ እና የትዳር ጓደኛው ይመርመሩ። የሹፌሩ ሚስትና ሦስቱ ልጆቹ ተመርምረው ሲ የለባቸውም። እግረ መንገዱን ሄፓታይተስ ቢም ታየላቸው፣ እሱም የለም፣ ግን ትልልቆቹ ሁለቱ ክትባቱን ጨርሰው አልወሰዱም ነበር። አሁን ጀምረዋል። ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው፣ ቀኖቹን አባታቸው በዚያችው ካላንደር ላይ ከ84ቱ መስመሮች ቀጥሎ ከቧቸዋል።